ያልታረመው ቅጂ

የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፉት መልስ ስህተት መሆኑን ራሳቸው ደረሱበትና በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ ሲያደርጉት፣ ከኋላ መደዳ አንድ ልጅ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ፣ «ጆሮዬ፣ እዚህ ጋ ቁረጪልኝ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ነገሩ ባይገባቸውም አብረው ፈገግ አሉ።

መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ግን ክው ብላ ቀረች። ይህን አባባል በዚህ ዓለም ላይ የሚናገር ሰው ቢኖር አክስቷ ብቻ ናት። «ጆሮዬ» ብላ የምትጠራው ደግሞ እሷን ነው።

አክስቷ ተራኪ ናት፤ ልቦለድ እያነበበች በድምፅ ትቀዳለች። ዕድሜዋን የፈጀችበት ሬዲዮ ጣቢያ ሲዘጋ፣ «ድምፅ ጡረታ አይወጣም» ብላ ቁም ሣጥኗን ስቱዲዮ አደረገችው። በርጩማ አስገብታ በካፖርትና በቀሚስ መካከል ትቀመጣለች፤ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ትጋርዳለች። የፍሪጁ ጉርምርምታ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። መልሳ መሰካቱን እንዳትረሳ ደግሞ የቤቷን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ያለ ቁልፍ ከቤት አይወጣማ!

ስትሳሳት ቀረጻውን አታቆምም። «ጆሮዬ፣ እዚህ ጋ ቁረጪልኝ» ትልና ዓረፍተ ነገሩን ደግማ ታነበዋለች። ልጅቷ ከትምህርት መልስ ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ ብላ ሳሉን፣ ማዛጋቱን፣ ድመት ማባረሩን እንደ ጠጠር ትለቅማለች። ከዚያ በኋላ የአክስቷ ድምፅ አንዴም ሳይሰናከል የሚፈስ ይመስላል። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

የዕረፍት ደወል ሲደወል ጓደኛዋን ወደ ደረጃው ሥር ጎተተቻት። ጓደኛዋን ሁሉም ሰው ቃሪያ ነው የሚላት፤ ትንሽ ናት፣ ታቃጥላለች።

«ይቺ ‹ጆሮዬ› የምትሏት ነገር ከየት መጣች?»

«ወይ ጉድ! አንቺ የምትኖሪው የት ነው?» አለች ቃሪያ። «ኔትወርኩ ላይ መጽሐፍ የምታነብ አንዲት ሴትዮ አለች። ያልታረመ ቅጂ ነው፤ ስትስል፣ ስትሳሳት፣ ድመቷን ‹ውጪ አንቺ!› ስትል ሁሉ ይሰማል። ሙድ አለው በቃ! ደራሲውን ራሳቸውን፣ ‹አይ ጋሼ፣ እዚህ ምዕራፍ ላይስ እንቅልፍ ጥሏቸዋል!› ስትላቸው በሳቅ ሞትን።»

«ስንት ሰው ሰምቶታል?»

«ስንት ሰው አልሰማውም በዪ! አያቴ እንኳ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ የሚባል ነገር ትታ ነበር። አሁን እሱን ካልከፈትኩላት እራት አትበላም። ሴትዮዋ አንድ ቦታ ላይ ማንበቡ አቅቷት ስታለቅስ፣ አያቴም አብራት አለቀሰች።»

ልጅቷ ያንን ልቅሶ ታውቀዋለች። ባለፈው ወር በገዛ እጇ ቆርጣ ያወጣችው እሷ ናት። የአክስቷ ድምፅ ለአንዲት አሮጊት መድረሱ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ወዲያው ጠፋ፤ ቅጂው ከማን ቤት እንደወጣ ገብቷታልና።

ኔትወርኩን የዘረጋው ኬብል የሚሉት የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሽቦውን ከሰገነት ሰገነት፣ ከመስኮት መስኮት እያሻገረ የሰፈሩን ቤቶች አያይዟቸዋል። ማንም ሰው ከማንም ሰው ኮምፒውተር ላይ ፊልም፣ ሙዚቃ፣ የትምህርት ቪዲዮ ይወስዳል። ሕጉ አንድ ነው፤ ያልሰጠ አይወስድም። ለመግባት ቢያንስ ሃያ ጊጋ የሚሆን የራስን ፋይል ለሌሎች ክፍት ማድረግ ግድ ነው።

ልጅቷ የፊዚክስ ቪዲዮዎቹን ፈልጋ ልትገባ ስትል ያላት ጥቂት ዘፈንና የቤተሰብ ፎቶ ብቻ ሆነ። ያ የትም አያደርስም። ብዙ ጊጋ የሚይዘው የአክስቷ ጥሬ ቀረጻ ነበር። «የአክስቴን ሳል ማን ይፈልጋል?» አለችና ሚዛን ይሙላልኝ ብላ ፎልደሩን ከፈተችው። በሩ ተከፈተላት፤ ፊዚክሱንም አለፈች፤ ፎልደሩንም ረሳችው።

ከትምህርት ቤት እንደወጡ ሁለቱም በሩጫ ኬብል ሱቅ ደረሱ። ኬብል ሆዱ የተዘረገፈ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ አቧራውን በብሩሽ ይጠርጋል። ልጅቷ ሁሉንም ነገረችውና «አጥፋልኝ» አለችው።

«ከየት ላጥፋው? እኔ ጋ የለም እኮ» አለ ቀና ብሎ። «የኔ ኔትወርክ መጋዘን የለውም። መጋዘኑ እያንዳንዱ ቤት ነው። ያንቺን በር ልዘጋልሽ እችላለሁ። የወሰዱት ሰዎች ግን አሁን እነሱም ሰጪ ሆነዋል። የፈሰሰ ውሃ ነው፣ እህቴ።»

«ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ለምን ትዘረጋለህ?» ድምፅዋ ከሱቁ ውጭ ተሰማ።

ኬብል አልተቆጣም። «መጽሐፍ መግዛት ያልቻለ ስንቱ ልጅ በዚህ ተምሮ አልፏል። አንቺም አልፈሻል።»

«አክስቴስ? ይሄ እንጀራዋ ነው። እሷን ማን ጠየቃት?»

ብሩሹን አስቀመጠና ራሱን አከከ። «እሱን እኔም አላውቀውም» አለ። «አሾፍኩ እንዳይመስልሽ፣ እውነቴን ነው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ቃሪያ በመንገዱ ሁሉ አላረፈችም። «ፎልደሩን ዝጊና ዝም በዪ። ኔትወርኩ ላይ የሚታየው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። የመጽሐፉ ደራሲም ቢሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮምፒውተር ቢያዩ ቴሌቪዥን ነው የሚሉት። ማን ይነግራቸዋል?»

ምክሩ ይጥማል። ልጅቷም አፏ ላይ እያላመጠችው ሄደች። ደራሲው መጽሐፋቸውን ለብዙዎች ከልክለው ለአክስቷ የሰጡት አንድ ነገር አስምለዋት ነው፤ እሳቸው ሰምተው «ይሁን» ሳይሉ ሌላ ጆሮ እንዳይሰማው። ቃሉ ከፈረሰ መጽሐፉን ይወስዱባታል። አክስቷ ከሬዲዮው በኋላ ያገኘችው ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ታዲያ ነገሩ ሳይሰማ ካለፈ ማን ተጎዳ?

ቃሪያን ሸኝታ አክስቷ ቤት ስትደርስ፣ አክስቷ በሩን የከፈተችላት አንዱን ጫማ አጥልቃ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ነበር። ለነገ ጫማ እየመረጠች ነው። የታረመው ቅጂ ጠረጴዛው ላይ፣ በንጹሕ መሐረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ነይ ግቢ፣ ጆሮዬ! ይሄኛው ይሻላል ያኛው? ነገ ጠዋት እሳቸው ጋ ነኝ። ምን እንደምላቸው ታውቂያለሽ? ‹ይኸው ጋሼ፤ ከእኔና ከእህቴ ልጅ በቀር አንድም ሰው አልሰማውም› ነው የምላቸው። አፌን ሞልቼ!»

አክስቷ ነገ እኚያን ሰውዬ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ ሳታውቀው ትዋሻለች። ውሸቱን አፏ ውስጥ የምታስቀምጥላት ደግሞ እሷ ናት። ይህን ማላመጥ አቃታት።

«አክስቴ፣ ቅጂው ወጥቷል።»

«የቱ ቅጂ?»

«ያልታረመው። ሰፈሩ እየሰማው ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ሃያ ጊጋውን፣ ፎልደሩን፣ ኬብልን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

አክስቷ አጠገቧ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በእጇ የያዘችውን ጫማ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«ሳሌም አለ?»

«አለ።»

«ልቅሶዬስ?»

«እሱም አለ።»

«ስለ ደራሲው ያልኩትስ?»

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አክስቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

«ሬዲዮ ላይ እያለሁ ስሳሳት የሰማኝ ሰው አልነበረም» አለች አክስቷ በመጨረሻ፣ በዝግታ። «ማታ ተኝቼ እንኳ የቀኑን ንባብ በልቤ አርም ነበር። አንቺን ካገኘሁ ወዲህ ነው ዘና ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ጆሮዬ አለችልኝ እያልኩ። ላንቺ ብቻ ነበር የምሳሳተው።»

ልጅቷ አለቀሰች። ስለ ቃሪያ አያት ልትነግራት ጀመረች፤ እንዴት እንደሚወዷት፣ ያለ እሷ ድምፅ እራት እንደማይበሉ። አክስቷ ግን እጇን አነሳች። «አሁን አታባብይኝ። ሌላ ቀን ትነግሪኛለሽ። ዛሬ ልናደድበት።»

«እሺ።»

ቆይቶ አክስቷ ተነስታ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። «ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙ» አለች። ቁጥሩን አወጣች፤ ጣቷ ግን ከመደወያው በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ስጪኝ» አለች። «ያጠፋሁት እኔ፣ የምትለምኚው አንቺ? እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

«ቁጡ ናቸው። ይጮሁብሻል።»

«ይጩሁ።»

«ምናልባት መጽሐፉን ይወስዱታል። ብትለምኚያቸውም ላይመልሱት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ።»

አክስቷ ስልኩን ስትሰጣት ፊቷ አሁንም አልተፈታም። «የእንቅልፉን ነገር ለኔ ተዪው» አለች ብቻ። «እሱ የኔ አፍ ያመጣው ነው።»

ልጅቷ መደወያውን ተጫነች። ስልኩ ደጋግሞ ጠራ። ባያነሱት ብላ ተመኘች፤ ወዲያው ደግሞ ምኞቷ አሳፈራት። ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ሲንኳኳ፣ ከዚያም የሽማግሌ ትንፋሽ ተሰማ።

«ማን ልበል?»

«እርስዎ አያውቁኝም፣ ጋሼ» አለች። «መጽሐፍዎን የምታነበው ሴት የእህት ልጅ ነኝ። የምነግርዎት መጥፎ ነገር ነው፤ እባክዎ ጨርሼ እስክነግርዎት ድረስ ስልኩን አይዝጉብኝ።»