የውሃው ክብ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የላብራቶሪው ኃላፊ በሩን ከፈቱ፤ ነጭ ጋውናቸውን ለበሱ፤ መስኮቱን ገፋ አደረጉ። ትናንት የተዘጋጀውን የቅጠል ጭማቂ ከፍሪጅ አውጥተው በመስታወት ዘንግ ጫፍ ምላሳቸውን ነካ አደረጉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከጀርባቸው «ጋሽ ቀማሹ» የሚባሉትም ለዚሁ ነበር። ማስታወሻቸው ላይ «ጣዕም» በሚለው ዓምድ «መራራ» ብለው ጻፉ።

ሁለት ሰዓት ላይ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ስትገባ ወለሉ ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። ከንፈራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው ቆሞ ነበር።

የፖሊስ መርማሪዋ ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም። ከመስኮት ወደ ፍሪጅ፣ ከፍሪጅ ወደ በር ትመላለሳለች። ሐኪሙ «አለርጂ ይመስላል» ብሏት ሄዷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚህ ክፍል የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ባለሙያዋ፣ ምክትል ኃላፊውና ቅጠሉን የሚያመጣው የሟቹ ታናሽ ወንድም።

«ቅጠሉ መርዝ ይሆን?» አለች።

«አባታችን ዕድሜ ልኩን ሰው ያዳነበትን?» አለ ወንድምየው። ዓይኑ ቀልቷል። «ትናንት እንኳ ላሜ ጡቷ አብጦ መርፌ ሳስወጋ አረፈድኩ እንጂ፣ በጠዋቱ ነበር የማደርስለት።»

ምክትሉ ብዕሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «አልደብቅዎትም፣ ትናንት ተጨቃጭቀናል። ይህ የመጨረሻው ሙከራ ነው፤ ቅጠሉ ባክቴሪያውን ካልገደለ ከምናጠናቸው ዕፅዋት ዝርዝር ይሰረዝ አልኳቸው። ሁሉም ሰምቷል።»

«ቦታቸውንስ ይፈልጉት ነበር?»

«የማይፈልግ ምክትል አለ እንዴ?»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች ባለሙያዋ፣ ፊቷን ሳታዞር። ከማሞቂያው ሳጥን ያደረውን ሳህን አውጥታ ለመርማሪዋ አሳየቻት። «ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ጉም ይሸፍነዋል። ጭማቂ ውስጥ የተነከረችው ወረቀት ዙሪያዋ ከጠራ፣ ቅጠሉ ገድሏል ማለት ነው።»

«ይህቺኛዋስ?»

«እሷ ባዶ ውሃ ናት፤ ለማነጻጸሪያ። በእሷ ዙሪያ ምንም...» ሳህኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። በውሃዋ ወረቀት ዙሪያም ሰፊ ክብ ጠርቷል።

«ውሃው ከየት ነው?»

«ጭማቂውን ከምበጠብጥበት፣ ከዚያው ጠርሙስ።»

አሥር ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበች። የሟቹ ሚስትም መጡ። መርማሪዋ በቅድሚያ የጠየቀችው እሳቸውን ነበር።

«የማይስማማቸው መድኃኒት ነበር?»

«ፔኒሲሊን። በተጋባን ዓመት በአንድ መርፌ ላጣው ነበር። ሰው እንዲያውቅበት አይወድም፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«እንግዲያው የውሃው ጠርሙስ ውስጥ ፔኒሲሊን የጨመረው ሰው ሊገድላቸው አላሰበም» አለች መርማሪዋ፣ አሁንም እየተንጎራደደች። «ቅጠሉ እንዲያሸንፍ ነው የፈለገው። ምክትሉማ ቅጠሉ እንዲሰረዝ ነበር የሚፈልጉት። ባለሙያዋ ደግሞ ብታጭበረብር ጭማቂው ላይ ብቻ ትጨምር ነበር፤ ውሃው ለብቻው እንደሚፈተን ታውቃለች፤ ወረቀቷን ያስቀመጠችው ራሷ ናት። ያ ውሃ ከመበጥበጥ ሌላ ሥራ እንዳለው የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው።» ቆመች። «ላምዎ የተወጋችው ምን ነበር?»

ወንድምየው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ግማሽ ብልቃጥ ተርፎኝ ነበር» አለ። «አንዴ ብቻ ይለፍ ብዬ ነው። የአባቴ ቅጠል ነው። እንደሚቀምስ አውቃለሁ፤ ምን ይጎዳዋል አልኩ፤ መድኃኒት አይደለም እንዴ?»

«ምነው እኔን ብትጠይቀኝ» አሉ ሚስትየዋ።

በማግስቱ ባለሙያዋ ከተረፈው ቅጠል አዲስ ጭማቂ አዘጋጅታ፣ በንጹሕ ውሃ ሙከራውን ደገመችው። ሳህኑን አሳድራ ስታወጣ በውሃዋ ወረቀት ዙሪያ ምንም አልጠራም። በቅጠሉ ዙሪያ አሥራ አራት ሚሊሜትር ጠርቷል። ለካ ቅጠሉ አጋዥ አላስፈለገውም ነበር።

ቁጥሩን በሟቹ ማስታወሻ ላይ በአዲስ መስመር ጻፈችው። በዚያ መስመር «ጣዕም» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው።