በበረዶ ሥር የከረመ ስም

በዚያ ዓመት ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ ቀረ። አጃው ሳያፈራ ደረቀ። ከኅብረት እርሻው የተሰበሰበውን ጥቂት እህል መንግሥት በጋሪ ጭኖ ወሰደ፤ ለዘር የሚሆነው ብቻ ጎተራ ውስጥ ተቆለፈበት። የሱሎጋ መንደር ሰዎች የበረዶውን ወራት በድንችና በአረም ዘር ጀመሩ። ድንቹ በገና አለቀ። ከዚያ የዛፍ ልጣጭ እየወቀጡ ከእፍኝ ዱቄት ጋር ጋገሩ። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ሞቱ፣ ቀጥሎ ሕፃናት። መሬቱ በውርጭ ስለ ጠነከረ መቃብር ለመቆፈር እሳት ማንደድ ያስፈልግ ነበር፤ ለእሳቱ እንጨት የሚፈልጥ ወንድ ግን አልነበረም። ጦርነቱ ቢያበቃም ወንዶቹ እዚያው ቀርተዋል።

ኡስቲንያ ኦዚምኮቫ ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከአያቷ ከሴቫስትያን ኒካኖሪች ጋር በመንደሩ ዳር ባለች የግንድ ቤት ትኖር ነበር። አባቷ፣ ሁለቱ አጎቶቿና ታላቅ ወንድሟ በጦርነቱ ሞተዋል። አራት መርዶ በአንድ ደጃፍ ገብቷል። ሽማግሌው አንድም ጊዜ ሲያለቅሱ አልታዩም። ከአራተኛው መርዶ በኋላ ግን የልጅ ልጃቸውን በሙሉ ስሟ መጥራት ጀመሩ። «ኡስቲንያ ኦዚምኮቫ፣ ውኃ አምጪልኝ» ይሏት ነበር፣ ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው ሳይኖር።

ያ ስም ከሱሎጋ ውጭ አይታወቅም። ወንድሟ ለጦርነት ሲመዘገብ የከተማው ጸሐፊ ሁለት ጊዜ አስደግሞት፣ «እንዲህ የሚባል ሰው ሰምቼ አላውቅም» ብሎታል። ኦዚም ማለት በመኸር ተዘርቶ፣ ጥቂት በቅሎ፣ በበረዶ ሥር ከርሞ በፀደይ የሚነሣ አጃ ነው። በድሮ ጊዜ፣ ገበሬው ከነመሬቱ በሚሸጥበት ዘመን፣ እንደዚሁ ያለ ረኃብ ገባና መንደሩ ሁሉ ዘሩን በላ። አንድ ሰው ብቻ በመኸር ወጥቶ ዘራ። ሰዉ አበደ አለው። የበረዶውን ወራት ልጣጭ እየበላ ከረመ፤ ሁለት ልጆቹን ቀበረ። በረዶው ሲቀልጥ የእሱ ማሳ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ መንደሩ በሙሉ ዘር ያገኘው ከዚያ ማሳ ነው። ሰውየውን ኦዚሞክ አሉት፤ ወንዶች ልጆቹ ኦዚምኮቭ፣ ሴቶቹ ኦዚምኮቫ ተባሉ።

ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ የሞቱትን ሁለት ልጆች ዘለው አያውቁም። «ስማችን በነፃ አልተገኘም» ይሉ ነበር።

በጥር መጨረሻ አንድ ጫማ ሠሪ ወደ መንደሩ መጣ። ዬፊም ዙዬቭ ይባላል። ሱፍ በሙቅ ውኃ እያሸና እየደበደበ የበረዶ ቦት ጫማ ይሠራል፤ በሚሠራበት ቤት ያድራል፣ ክፍያው እዚያ የተገኘው ምግብ ነው። ግራ እግሩ ከጦርነቱ ወዲህ ያነክሳል። ወደ ሽማግሌው ቤት ይዛው የመጣችው ጎረቤታቸው ፌክላ ናት። ይህች ሴት ባሏንና ጥርሶቿን አጥታ ምላሷ ብቻ የቀረላት ነበረች።

«ሴቫስትያን ኒካኖሪች! ወንድ አምጥቼልዎታለሁ» አለች ከበሩ ሳትገባ። «ትንሽ ያነክሳል እንጂ ሙሉ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ!»

«ምን ላድርገው?»

«ለልጅቱ ጫማ ይሥራላታ! የእሷ ጫማ አፉን ከፍቶ ከመንገደኛው ሁሉ ጋር እያወራ ነው።»

ሽማግሌው ከሣጥን ውስጥ ድሮ የታረደ በግ ሱፍ አወጡ። ዬፊም ተንበርክኮ የኡስቲንያን እግር በክር ለካ።

«እግርሽ ትንሽ ነው» አላት።

«ረኃብ ነው ያሳነሰው።»

«ረኃብ አጥንት አያሳንስም።»

«እንግዲያስ ስትለካ እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«እሱ ረኃብ ነው።»

ኡስቲንያ ሳቀች። ከአራተኛው መርዶ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም። ከምድጃው ጋር በተያያዘው መደብ ላይ የተኙት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሥራው ግቢው ውስጥ ባለችው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ነበር። እሱ ያሻል፣ እሷ ውኃ ታመጣለች። ብዙ አያወሩም ነበር። ባልዲውን ስታቀብለው እጁን ቶሎ አይወስድም፤ እሷም ቶሎ አትለቅም። በሌላ ቤት ሠርቶ ድንች ሲያገኝ በኪሱ ይዞላት ይመጣል፤ ግማሹን ትገምጥና ቀሪውን መልሳ አፉ ውስጥ ትከትለታለች። የእሷ ጫማ ካለቀ በኋላም ዬፊም ከሱሎጋ አልሄደም። የፌክላን ሠራ፣ የእረኛውን ሠራ። ሱፍ ከመንደሩ ሲጠፋ አሮጌ ጫማ መጠገን ጀመረ።

ሽማግሌው አንድ እሑድ አስቀመጡት።

«ልጅቱን ትፈልጋታለህ?»

«እፈልጋታለሁ።»

«ውሰዳት። ስሟን ግን አታስጥላትም። አንተ ኦዚምኮቭ ትሆናለህ፤ ልጆቻችሁም እንደዚሁ።»

ዬፊም ኮፍያውን በእጁ አዞረ። በሚስት ቤት ገብቶ የሚስት ስም የሚይዝ ወንድ በዚያ አገር መሳለቂያ ነው። የከበደው ግን ያ አልነበረም።

«ሰው ቢስቅብኝ ግድ የለኝም» አለ። «አባቴ በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመት ጠፍቶ ነው የቀረው። ሞተ አላሉንም፤ የት እንዳለ አልታወቀም ነው ያሉን። እናቴ እስከ ዛሬ ማታ ማታ በሩን አትቀረቅርም። ከምርኮም ይሁን ከእስር የተመለሰ እንደሆነ፣ ዙዬቭ እያለ ነው የሚፈልገኝ። ዙዬቭ የሚባል ልጅ ካጣ የት ይሄዳል?»

«ዙዬቭ በየመንደሩ ሞልቷል። አንዱን ብትጠራ ሦስት ይመጣል።»

«ለእሱ ያለው አንድ ነው።»

«አንተ ምናልባት አለህ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ምናልባት የለኝም። አራቱም መሞታቸውን አውቃለሁ። የቀረችኝ እሷ ናት።»

ኡስቲንያ በሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ዙዬቫ ልትባል ትችል ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃል። አያቷን አየቻቸው፤ እግሮቻቸው በረኃብ አብጠው ከምድጃው መደብ ላይ ተንጠልጥለዋል። ቃሉ ከአፏ አልወጣም።

በመጋቢት መጨረሻ በመንደሩ ዳር የሚያልፈው ወንዝ በረዶ መሰንጠቅ ጀመረ። አንድ ቀን ከዘገየ ወደ እናቱ መሻገር እንደማይቻል ሰዎቹ ለዬፊም ነገሩት። ኡስቲንያ እስከ ዳር ሸኘችው።

«አባቴ መሞቱን ያወቅሁ ቀን እመጣለሁ» አላት። «ስምሽን እይዛለሁ። ለአያትሽም ይህንኑ ቃል ሰጥቻቸዋለሁ። ዕዳዬ ነው።»

«እስከዚያ ግን እንዳትመጣ።»

«ለምን?»

«ካየሁህ እከተልሃለሁ።»

አንገቱን አቅፋ ያዘችው። ከዚያ በሁለት እጇ ገፋችው። በሚሰነጠቀው በረዶ ላይ እያነከሰ ሲሄድ፣ ማዶ እስኪደርስ ድረስ ትንፋሿን እንደ ዋጠች ቀረች።

መፀነሷን ያወቀችው ዘር ሲዘራ ነው።

ፌክላ ከሁሉ ቀድማ አየች። «አይ ጫማ ሠሪው!» አለች በጉድጓዱ ዙሪያ ውኃ ለሚቀዱት ሴቶች። «እኛ ጫማ ብቻ የሚሠራ መስሎን!» ሴቶቹ ሳቁ። ያንኑ ምሽት ግን ፌክላ ራሷ አንድ ኩባያ የፍየል ወተት ይዛ መጣችና፣ «ጠጪ፣ አንቺ ሞኝ» ብላት ሄደች። ሽማግሌው በጋውን ሁሉ ኡስቲንያን አላናገሯትም። ውኃ እንኳን ራሳቸው ይቀዱ ነበር።

ልጁ በኅዳር ተወለደ። በዚያን ጊዜ ሕግ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ የእናቱን ስም ነው የሚይዘው፤ አባት በሚጻፍበት ቦታ ጭረት ይሰመራል። ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራበትን የአባት ስም ግን እናት እንደወደደች ታስጽፋለች። ኡስቲንያ በመንደሩ ምክር ቤት ጸሐፊ ፊት ቆማ፣ «ሴቫስትያን ዬፊሞቪች» አለች፤ የዬፊም ልጅ ሴቫስትያን ማለት ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ ተመለከታት።

ቤት ስትገባ ሽማግሌው ከመደቡ ወርደው ቆመው ነበር።

«ማን ብለው ጻፉት?»

«ሴቫስትያን ኦዚምኮቭ።»

እጃቸውን ዘረጉ። የተጠቀለለውን ሕፃን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፤ ትንሹን ፊት ብርሃን ላይ አዩት። «ሴቫስትያን ኦዚምኮቭ» አሉት፣ «ውኃ አምጣልኝ እንጂ፣ ምን ትተኛለህ?» ያን ጊዜ አለቀሱ። ኡስቲንያ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ እንዲታዩ እንደማይፈልጉ ታውቃለች።

ለዬፊም አልጻፈችለትም። ቢያውቅ በዚያው ሳምንት ይመጣል፤ ቢጋቡ ልጁ ዙዬቭ ይሆናል። ስሙ የዳነው ባለመጋባታቸው ነው። ይህን ነገር ምድጃ ስታነድም፣ ተልባ ስታጭድም ታስበው ነበር፤ ከዚያ ሌላ መንገድ አላገኘችም። ሌሊት ሌሊት ልጁ ሲተኛ ጣቶቹን ታያለች። ወፍራም፣ አጭር፣ የጫማ ሠሪ ጣቶች ነበሩ።

ሽማግሌው በሦስተኛው መኸር ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት፣ «ልጁን ወደ ሌላ ስም አታሻግሪብኝ» አሏት። «አላሻግርም» አለች። ደስ ብሏቸው ሞቱ ማለት ይቻላል።

ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት ኩፍኝ ገባ። ጊዜው የወንዙ በረዶ ሰው የማይሸከምበት፣ ጀልባም የማያስኬድበት ጊዜ ነበር፤ ሐኪሙ ያለው ማዶ ነው። ኡስቲንያ ልጁን ታቅፋ ዳር ላይ ቆማ ጮኸች። ማዶ ሰው ወጥቶ እጁን አወናጨፈ። ከዚያ በላይ ማንም ምንም ማድረግ አልቻለም።

ከቀብሩ በኋላ ለዬፊም ልትጽፍ ተቀመጠች። መወለዱን ላልሰማ ሰው መሞቱን እንዴት እንደሚጀምሩለት አላወቀችም። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ዓመታት ሄዱ። ሚስቱ የሞተችበት የፈረስ ጠባቂ ለጋብቻ ጠየቃት፤ እምቢ አለች። ፌክላ ተቆጣች። «አነካሹን ነው የምትጠብቂው? እሱኮ እስካሁን ባነከሰ ቁጥር አንድ ልጅ ወልዷል!» አለቻት። ኡስቲንያ ፈገግ ብላ ተልባዋን መደብደብ ቀጠለች።

ጦርነቱ ካበቃ ሃያ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ከሱሎጋ በጣም ርቆ በሚገኝ ረግረግ ውስጥ ቦይ የሚቆፍሩ ሠራተኞች የወታደሮች አጥንት አገኙ። ከአንዱ ጋር የአሉሚኒየም ማንኪያ ነበረ። ወታደሮች ማንኪያቸው እንዳይሰረቅ ስማቸውን ይጭሩበታል፤ በዚያኛው ላይ ማትቬይ ዙዬቭ የሚል ስምና የመንደሩ ስም ተጭሮ ነበር። የዬፊም እናት የባሏን አጥንት በእጇ ቀበረች። ያን ዕለት ማታ በሩን ቀረቀረች። በዚያው የበረዶ ወራት እሷም ሞተች።

ዬፊም ሱሎጋ የደረሰው በሰኔ፣ ድርቆሽ ሲታጨድ ነው። ኡስቲንያ ግቢዋ ውስጥ ማጭድ ስትስል ቀና አለች። አጥሩ አጠገብ ፀጉሩ የነጣ ሰው ቆሟል። ሳይራመድ በፊት ነው ያወቀችው።

«መጣሁ» አለ።

«አየሁ።»

«አባቴ ተገኘ።»

«ነፍሱን ይማረው።»

ዬፊም ቀለበት የሌለበት እጇን፣ በፀሐይ የጠቆረ ፊቷን፣ ከሻሿ የወጣውን ሽበት አየ። እሷ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ና» አለችው።

መቃብሩ ከበርች ዛፎቹ ሥር ነው። ከትልቁ መስቀል አጠገብ አንድ አጭር መስቀል አለ። ዬፊም ጎንበስ ብሎ ሴቫስትያን የሚለውን ሲያነብ ሽማግሌው መሰሉት። ቀጥሎ ያለውን፣ ዬፊሞቪች የሚለውን፣ አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር።»

«እመጣ ነበር!»

«ዙዬቭ ሆነህ ነዋ የምትመጣው። እኔም እምቢ አልልህም ነበር።»

ወፎች በበርቹ ላይ ይንጫጩ ነበር። ዬፊም ከመቃብሩ ላይ አንድ አረም ነቀለ፤ ሌላም ነቀለ።

«ምን ይመስል ነበር?» አላት ወደ እሷ ሳይዞር።

«እጁ ያንተ ነበር። ግትርነቱ የአያቴ። ሾርባ ሲበላ ለሰው ሁሉ ያካፍል ነበር፤ ለድመቷም፣ ለበሩም።» እሱ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ያዘችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «አሁን ስሙ ለማን ይጠቅማል?» አለችው። «አርባ ሞላኝ። እንግዲህ ልጅ አልወልድም። ከእኔ በኋላ የሚጠራበት የለም። ምሬሃለሁ ዬፊም። በራስህ ስም ኑር።»

«ዕዳው የአያትሽም ነው። የእሳቸውን አንቺ ልትምሪኝ አትችዪም።»

«እሳቸው ሞተዋል።»

«ሞተዋል። ስለዚህ ማሩኝ ብዬም ልለምናቸው አልችልም።»

በማግስቱ ሊጋቡ ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ። ጸሐፊዋ ከከተማ የመጣች ገና ልጅ ናት። ፎርሙን ሞልታ ዬፊም የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯን አቆመች።

«አባቴ፣ ተሳስተው እንዳይሆን» አለች። «የእርስዎን ስም እሳቸው ይይዛሉ እንጂ እርስዎ የእሳቸውን? አይከለከልም፤ ግን እስካሁን ያደረገ ሰው አላየሁም። ስሙም እንግዳ ነው። ለልጆቹ ብላችሁ ነው?»

«አንድ ልጅ ነበረን» አለ ዬፊም።

ኡስቲንያ ቀና ብላ አየችው። ልጁን እስከዚያ ቀን «ነበረኝ» ስትል ነው የኖረችው።

ጸሐፊዋ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ወረቀቱን አዞረችለት። ዬፊም ብዕሩን ጨብጦ አጎነበሰ። እጁ ስሙን አልለመደውም፤ እያንዳንዱን ፊደል አስቦ፣ እንደ ተማሪ ምላሱን ነክሶ ጻፈ። ሲጨርስ እፍ እፍ ብሎ ቀለሙን አደረቀው።

«ለአያትሽ ልንገራቸው?» አላት።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ኡስቲንያ። «ተከፍሏል እላቸዋለሁ።»