ትርፉ በሙሉ ለታመሙ ሕፃናት

ከሳሙና ፋብሪካው ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዛ በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ሚስትየው የፋብሪካው ጌታ ታናሽ እህት ናት፤ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላታል። ባልዋ ሳሙና ቀቃይ ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ቢሆንም በዚያ ቤት ሳቅ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ቀቃዩ ቀኑን ሙሉ በትልቁ የብረት በርሜል ላይ አጎንብሶ ሞራና ኮስቲክ ሶዳ ሲያማስል ይውልና፣ ማታ ዓይኑ ቀልቶ ሲገባ፣ «እኔ ስሞት በአጣቢ አትቸገሪም፤ ታጥቤ ነው የኖርኩት» ይላታል። እሷም «አፍህን ታጠበው» ትለዋለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ያ ሳቅ ምን ያህል ውድ እንደነበረ ያኔ ማን ነገራቸው?

ፋብሪካውን ለእህትና ለወንድም እኩል ያወረሷቸው አባታቸው ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ሚስቱ በወሊድ ስለሞተችበት አንድ ወንድ ልጁን ያሳደገችለት ይህችው እህቱ ነበረች። ጡት ያላጠባችው ልጅዋ ነበር ማለት ይቻላል። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ልቡ ደካማ ነው፤ ሁለት ደረጃ ከወጣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሰባት ዓመት ሲሞላው ሐኪሞቹ ልቡ በቀዶ ሕክምና ካልተጠገነ አይድንም አሉ። የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን አባትየው ካለው እጅግ የራቀ ነበርና፣ ሲሯሯጥ፣ ደጅ ሲጠና፣ ልጁ በሆስፒታል ኮሪደር አግዳሚ ላይ፣ ራሱን በአክስቱ ጭን እንዳስደገፈ፣ ውኃ አምጪልኝ ብሎ ልኳት ስትመለስ አልቆ አገኘችው።

ከዚያ በኋላ ወንድምየው ተሳለ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ፋብሪካ የሚገኘው ትርፍ አንዲት ሳንቲም ሳይቀር የታመሙ ሕፃናት ማሳከሚያ ይሁን አለ። የእህቱ ፊርማም ያስፈልግ ነበርና ወረቀቱን ይዞላት መጣ። ፈረመች። ማን አስገደዳት? ማንም! እንዲያውም እያለቀሰች፣ እጁን ስማ ነው የፈረመችው። ብዙም ሳይቆይ አዲሱ መጠቅለያ ታተመ፤ መሐሉ ላይ የልጁ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ «ትርፉ በሙሉ ለታመሙ ሕፃናት» የሚል ጽሑፍ። የእሷ ሥራ የደረቀውን ሳሙና በሽቦ እየቆረጡ መጠቅለል ነበርና፣ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ የዚያን ልጅ ግንባር በአውራ ጣቷ እየጫነች ታጥፈዋለች። መጀመሪያ ሰሞን እየሳመች ነበር የምታጥፈው።

ሳሙናው ተወደደ። ሰው ሲገዛው እጁ ብቻ ሳይሆን ነፍሱም የሚታጠብ ይመስለው ጀመር። ሕፃናት ዳኑ፤ ይህን ማንም ሊክድ አይችልም። ከንፈራቸው ጠቁሮ የገቡ ልጆች እየሮጡ ሲወጡ ታይቷል። ወንድምየውም የሚሰርቅ ሰው አልነበረም። ቤቱን ሸጦ ለሆስፒታል ሰጠ፤ ቢሮው ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ይተኛል፤ የጫማው ተረከዝ አልቆ ሲራመድ ያነክሳል። ምነው ሌባ በሆነ ኖሮ! ሌባ ቢሆንማ እህቱ ጠልታው ባረፈች።

ችግሩ የጀመረው የመቀቀያ ክፍሉ አየር መሳቢያ የተበላሸ ጊዜ ነው። ጢሱ መውጫ አጥቶ ጣራው ሥር ይንሳፈፍ ጀመር። ሠራተኛው ጉሮሮውን እየያዘ ያስላል። ቀቃዩ ለዐሥራ አምስት ዓመት አንድም ነገር ለምኖ አያውቅም ነበር፤ በመጨረሻ ግን ባልደረቦቹ ገፋፍተውት ቢሮ ገባና ማሽኑ ይለወጥልን፣ ካልሆነም የአፍ መሸፈኛ ይገዛልን አለ። ወንድምየው አልተቆጣም። ትከሻውን አቅፎ ወደ ግድግዳው ወሰደው። ግድግዳው ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሕፃናት ፎቶግራፍ ተደርድሯል።

«ከእነዚህ የትኛውን ልሰርዝ?» አለው፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «አንተ ምረጥልኝና ነገውኑ እገዛዋለሁ።»

ቀቃዩ ምን ይበል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አንገቱን ደፍቶ ወደ በርሜሉ ተመለሰ። ያን ዕለት ለሚስቱ ሲነግራት ለመሳቅ ሞክሮ ነበር፤ ሳሉ ቀደመው።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ካሜራ የያዙ እንግዶች ፋብሪካውን ሊጎበኙ መጡ። ከዚያ በፊት ወለሉ ታጠበ፤ መስኮት ተከፈተ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ነጭ ጋዋንና አዲስ የአፍ መሸፈኛ ታደለ። ቀቃዩ መሸፈኛውን አጥልቆ ሲተነፍስ ዓይኑ በእንባ ሞላ፤ ያን ያህል ቀሎት ነበር። እንግዶቹ ፎቶ አነሱ፤ አለቀሱ፤ አጨበጨቡ፤ ሄዱ። መኪናቸው ከግቢው እንደወጣ ወንድምየው ካርቶን ይዞ በየሰዉ እየዞረ መሸፈኛዎቹን ሰበሰበ። ከሱቅ በውሰት የመጡ ናቸው፣ ተመላሽ ናቸው አለ። ከአማቹ ፊት ሲደርስ ቀቃዩ ላስቲኩን ከጆሮው ላይ ፈቶ፣ እንደ ጨዋ ልጅ አጣጥፎ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠለት። እሷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሆና ታያለች። የያዘችውን ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ንዴት መስሏት ነበር። ንዴት አልነበረም፤ መጸየፍ ነው! የገዛ ወንድሟን፣ የእናቷን ልጅ፣ እንደተበላሸ ምግብ ተጸየፈችው።

ከዚያ በኋላ የሳሙናው ሽታ አልስማማት አለ። የአበባ ሽቶ የተጨመረበትን ስትቆርጥ ያቅለሸልሻታል። የልጁን ፎቶ ስታጥፍ ዓይኗን ትዘጋለች።

ቀቃዩ ወደቀ። ደም ተፋ፤ ከንፈሩ ልክ እንደዚያ ልጅ ጠቆረ። ደግፋ ሆስፒታል ወሰደችው። በሩ ላይ ያሳደገችው ልጅ ምስል በትልቁ ተሰቅሏል፤ በሳሙናው ገንዘብ የተሠራው አዲሱ ሕንፃ ያ ነበር። ዘበኛው በትሕትና፣ ይሄ የሕፃናት ነው እናቴ፣ የዐዋቂዎቹ በጀርባ ነው አላት። በጀርባ ያለው ሞልቶ ሕመምተኛው መሬት ላይ ተኝቷል። የዐዋቂዎቹ ሐኪም ሳንባው ተቃጥሏል፣ በየቀኑ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፣ መሣሪያውን ለቤት መከራየት ትችላላችሁ ብሎ አሰናበታቸው።

ወደ ወንድሟ ሄደች። እግሩ ሥር ወደቀች፤ ዕድሜ ልኳን ከዚያ በፊት ወድቃ አታውቅም። እሱም አብሯት ተንበርክኮ አለቀሰ። የእውነት እንባ ነበር።

«የሕፃናቱ ነው እህቴ» አላት። «ለሥጋ ዘመዴ ካደላሁ በምን ዓይኔ ልጄን አየዋለሁ?»

ከራሱ ቀለብ ቀንሶ ጥቂት ገንዘብ ሰጣት፤ ለአራት ቀን ኦክስጅን የሚበቃ ነበር። በስድስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የፋብሪካው የምሳ ደወል ሲደወል ቀቃዩ ሊነሣ ሞከረ፤ ሥራ የረፈደበት መስሎት። «ተኛ» አለችው። «በርሜሉ እንዳያር» አላት። የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ለራሱ የሚሆን አንዲት ቃል እንኳ አላስቀረም!

ሐዘን ላይ ወንድምየው ከፊቷ ተቀመጠና፣ አሰብኩበት አላት፤ የሟችን ፎቶ ከልጁ ጎን መጠቅለያው ላይ እናውጣው፤ ለሕፃናት ሲል ነፍሱን የሰጠ ሰው ተብሎ ይጻፍ፤ ሕዝቡም ይወደዋል። ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣችና አስመለሳት። ሰው የሐዘን ድካም ነው አለ።

በሳምንቱ አንዲት ሴት አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ይዛ መጣች። ልጅቱ በሳሙናው ገንዘብ ልቧ ተጠግኖ የዳነች ናት። እናትየው መሬት ስማ አመሰገነች። ልጅቱ መጥታ የእትዬ ጉልበት ላይ ተደገፈች፤ ሞቃታማ፣ ጤነኛ፣ ቆንጆ ልጅ። እትዬ ግን ሳታስበው ጉልበቷን ሰበሰበች። ከሕፃን ልጅ ሸሸች! ያን ጊዜ የተጸየፈችው ራሷን ነው።

«የፋብሪካው ጌታ ሥራም ሰጡኝ» አለች እናትየው ፊቷ እያበራ። «ነገ እገባለሁ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ውለታ አለብኝ፤ በነፃም ቢሆን አማስላለሁ።»

«ምን?»

«በርሜሉን። የሞቱትን ሰውዬ ቦታ ነው የሰጡኝ።»

እትዬ ነጠላ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ተነሣች። ፋብሪካ ገብታ፣ ወደ መቀቀያው ክፍል ሄዳ፣ እሳቱን በገዛ እጇ አጠፋችው። ሠራተኛው ቆመ። ወንድምየው እያነከሰ ሮጦ መጣ፤ በዚህ ሳምንት ተራቸው የደረሰ ልጆች አሉ፣ ብትዘጊው ይሞታሉ አላት። እውነቱን ነበር። እሷም እውነት መሆኑን ታውቃለች።

«ግማሹ የኔ ነው ጋሼ» አለች። «ትርፉን እንጂ ሰዉን አልፈረምኩልህም። ሰጠሁ፣ ሰጠሁ ትላለህ... አንተ ምን ሰጠህ? የባሌን ትንፋሽ ነው የሰጠኸው። የራስህ አልነበረም።»

ወንድምየው እሳቱ የጠፋበት በርሜል ሥር ተቀመጠና የሞተውን ልጁን ስም እየደጋገመ ይጠራ ጀመር፤ ትናንት የሞተ ያህል። ሠራተኛው ፊቱን አዞረ።

አየር መሳቢያው ተገዛ። ደመወዝ ተጨመረ። መጠቅለያው ላይ «በሙሉ» የሚለው ቃል ተሠርዞ «ከሠራተኛው የተረፈው» የሚል ገባ፤ ሐቁ ስለሆነ። ገዢው ግን አልወደደውም። እነዚያ ያጨበጨቡ ሰዎች፣ በልተውታል ማለት ነው ብለው ሌላ ሳሙና መግዛት ጀመሩ። የአንድ ቀቃይ ሳንባ ሲቃጠል ያልጠየቀ ሕዝብ፣ አንዲት ቃል ስትለወጥ ጠየቀ! ዓመት ሳይሞላ ፋብሪካው ተዘጋ። ግድግዳው ላይ ከነበሩት ሕፃናት ብዙዎቹ ሌላ ረጂ አገኙ፤ አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ግን ረጂ ሳይደርስላት ሞተች። እትዬ ቀብሯ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ አለቀሰች። ማን እንደሆነች የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቋትስ ምን ትል ነበር?

ወንድምየው የሚገባበት ስለሌለው በመጨረሻ ወደ እሷ ቤት መጣ። ሳሉ ቀድሞ ጀምሮት ነበር፤ ለካ እሱም ያንን ጢስ ሲተነፍስ ነው የኖረው። አስታመመችው። አጠበችው፤ አጎረሰችው፤ ደሙን ጠረገችለት፤ ፊቷን አንድም ቀን አላጠቆረችበትም። ከንቱ ነበር ወይ ሕይወቴ ሲላት፣ የዳኑትን ልጆች አንድ በአንድ ታነሣለታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ እጇን ያዛት።

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ ጋሼ።»

አልዋሸችውም። ልቧ ይቅር ብሎት ነበር። ሆድዋ ግን እምቢ አላት፤ እጁ በእጇ ውስጥ ሲቀዘቅዝ እንኳ ያ የድሮ ማቅለሽለሽ አለቀቃትም። አልቅሳ ቀበረችው፤ እንደ እህት፣ እንደ እናትም።

ክፉ ሰው ቤት ሲያፈርስ ይረገማልና ሐዘንተኛው እርግማኑን ይዞ ይጽናናል። ደግ ሰው ያፈረሰው ቤት ግን ማንን ይረግማል? ያቺ ሴት ዛሬም አለች። መንገድ ላይ የሚሮጥ ጤነኛ ልጅ ባየች ቁጥር ቆም ትላለች፤ ከእነዚያ ከዳኑት አንዱ ይሆን እያለች። ምርቃት አፏ ላይ ይመጣል... ትመርቃለችም። ከዚያ ምራቋን ውጣ መንገዷን ትቀጥላለች።