ሁለቴ የሚጠራው

ያላመነ ይተወው። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቼዋለሁ።

ሌሊት ቢሆን "ሕልም ነው" ትሉኝ ነበር። ቀትር ነው። መስከረም 1991 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ መርሐቤቴ፣ ጃማ ወንዝ ላይ።

አባይነህ እባላለሁ፣ የራቤል ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ ምጽዋ ላይ ባሕረኛ ነበርኩ። ባሕሩ ከሄደ በኋላ ገብሴን እያረስኩ ሳለ "ተጠባባቂ ባሕረኛ" ብለው ጠሩኝ። ባሕር በሌለበት አገር... ሁለት ትንንሽ የሞተር ጀልባ ሰጥተው "ወንዙን እየቃኛችሁ ድልድይ ጠብቁ" አሉን።

አዛዣችን መቶ አለቃ ኪዳነ ወልድ ይባላል። ባሕርን በካርታ እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ዋና አይችልም። ጀልባ ላይ ሲወጣ ጠርዙን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዝና እኛን "ፈሪ ገበሬዎች" ይለናል። አሠልጣኝ ተብዬው እንግዲህ ይሄ ነው።

የእህቴ የጽናት ባል አንዷለም አብሮኝ ነበር። ከቤት ስንወጣ ጽናት ጡት የሚጠባ ልጇን ታቅፋ እስከ በሩ ሸኘችን።

"ጋሼ፣ እሱን ለአንተ ነው የሰጠሁህ። ይዘኸው ትመጣለህ።"

"እሺ" አልኳት።

በእኛ አገር ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ስሙ የተጠራ ሰው፣ ሦስተኛው ጥሪ እስኪመጣ አፉን አይከፍትም።

ያኛው፣ የወንዙ፣ ሁለቴ ብቻ ነው የሚጠራው፤ የመለሰለትን ይወስዳል...

መቶ አለቃው ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ልምምዳችን ሁሉ እሱ ሆነ። ከዳር ቆሞ ስም ይጠራል፣ ጀልባው ላይ ያለው በመጀመሪያው ጥሪ "አቤት!" ማለት አለበት። ዝም ያለውን ጠጠር ላይ ያንበረክከዋል። አንዷለም ጉልበቱ እስኪላጥ ተንበረከከ።

በመጨረሻ ለመደ። ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ "አቤት" ይል ጀመር።

"ይኸው፣ ሰው አደረግኩህ" አለው መቶ አለቃው። እሱ ራሱ መች ሰው ሆነና?

የዚያን ቀን ቀትር ላይ መቶ አለቃው፣ አንዷለምና እኔ በአንዷ ጀልባ ወጣን። ወንዙ የሚታጠፍበት ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ።

ጸጥ አለ። ወፍ እንኳ የለም።

ውሃው ቁልቁል ይወርዳል... ጀልባችን ግን አትወርድም። መልሕቅ አልጣልንም። ዝም ብላ ቆማለች።

"ጋሼ... ምንድን ነው?" አለ አንዷለም በሹክሹክታ።

"እንጃ።"

ከመታጠፊያው ጀርባ ድምፅ መጣ።

"አንዷለም..."

የመቶ አለቃው ድምፅ ነበር። ያ ጉረኛ ድምፁ።

መቶ አለቃው ግን ፊት ለፊታችን ተቀምጧል። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

"እንዳትመልስ" አልኩ።

አንዷለም ጥርሱን ነከሰ። ያ ጀግና አዛዣችን ከመቀመጫው ወደ ጀልባዋ ወለል ተንሸራቶ ወረደና የአንዷለምን እግር ያዘ።

"ዝም በል... በናትህ ዝም በል..."

አሁን ነው ዝም በል የሚለው!

"አንዷለም..."

"አቤት!"

ከአፉ አመለጠው። ደንግጦ አየኝ።

ሦስተኛ ጥሪ አልመጣም።

ጀልባዋ ግን ከውሃው ከፍ አለች። ከመሃላችን አንድ ሰው የወረደ ያህል ቀለለች። ዞር ብዬ አየሁ... አንዷለም እዚያው ተቀምጧል።

ሞተሩን አስነስቼ ዳር ደረስን። ከዚያ በኋላ አንዷለም አንድ ቃል አልተናገረም። መቶ አለቃው "ፀሐይ መትቶት ነው፣ ቤቱ ውሰደው" አለኝ። ማታውን ስለ ድፍረት ንግግር አደረገ አሉ፤ ከወንዙ ርቆ፣ ድንኳን ውስጥ ሆኖ። ናቅኩት። እስከ ዛሬም እንደናቅኩት ነው።

እኔ አንዷለምን ይዤ ራቤል ገባሁ። ጽናት ልጇን አዝላ ደጅ ላይ ጠበቀችን። ፊቷ አቆምኩላት።

አየችው። ፈገግ አላለችም።

"አንዷለም" አለችው ቀስ ብላ።

ወደ እኔ ዞረች።

"ምን ሆኖ ነው ጋሼ?"

"ደክሞት ነው" ብዬ ዋሸኋት።

ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "አንዷለም!"

"አቤት..."

ድምፁ የራሱ ነው። ከንፈሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። የመጣው ከቤቱ ጀርባ... ከገደሉ ሥር ነው።

ጽናት እኔን አላየችኝም። ልጇን እንዳዘለች፣ ባሏን አልፋ ወደ ገደሉ መሄድ ጀመረች።