በአንድ ቦይ ሁለት ገመድ

«እናትሽ እኮ ናት!» አለ ዮስታይን ወደ ቱሩን ዞሮ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማው። «አንድ የተበጠሰ የኢንተርኔት ገመድ ለማግኘት ሁለት ቀን! ፈተናችን የተሰረዘው በእሷ ነው።»

ተማሪው ሳቀ። የቱሩን ደም ፈላ። ጎኗ የተቀመጠችው የልብ ጓደኛዋ ሱኒቫ ግን ቀና እንኳ አላለችም።

«ሙድ የምትይዝበት ሌላ ፈልግ!» ብላው ቱሩን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

የመስመር ጠጋኟ እናቷ ኢንገቢዮርግ ፊዮርዱ፣ ተራሮቹ መሃል የገባው ጠባብ ባሕር፣ ዳር፣ ዝናብ በሚወቅጠው ድንኳን ውስጥ አጎንብሳ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን የገመዱን የመስታወት ክሮች አንድ በአንድ ትበይዳለች።

«እዪው» አለች በንዴት። «ይሄ ዋናው መስመር፣ ያ መጠባበቂያው። አንዱ ሲበጠስ ሌላው እንዲተካው ነበር። መጠባበቂያውን በተራራው በኩል ቅበሩት ብዬ ለኩባንያው ሦስቴ ጽፌያለሁ። እነሱ ግን ለሥራ ሰንፈው ሁለቱንም እዚሁ ቦይ ውስጥ አጋደሟቸው!»

«ናዳ ነው የበጠሰው?»

«ናዳ ጥርስ አለው እንዴ?» ገመዱ ላይ የብረት ጥርስ ጭረት ነበር። «አንዱ በኤክስካቫተር ሲቆፍር ቆርጦት፣ አፈር መልሶበት ሄዷል። ያኔውኑ ቢነግረኝ በግማሽ ቀን እጨርሰው ነበር። ጋሼ አስላክም…»

ሽማግሌው ጎረቤታቸው አስላክ ትናንት ኩሽና ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። አንገታቸው ላይ ያለውን የድረሱልኝ ቁልፍ ቢጫኑ ቢጫኑ፣ መስመር የለም። ሰው ያገኛቸው ስድስት ሰዓት ሙሉ ከተጋደሙ በኋላ ነው።

ቱሩን ድንገት ትዝ አላት። ከትናንት ወዲያ ሱኒቫ «አባቴ በኤክስካቫተሩ ለጀልባ ቤት መሠረት ሊቆፍር ፊዮርዱ ዳር ወርዷል» ብላት ነበር።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አገኘቻት። «ታውቂ ነበር አይደል?»

ሱኒቫ ማልቀስ ጀመረች። «አባቴን የቁፋሮ ፈቃዱን ይነጥቁታል። በእናትሽ፣ ቱሩን፣ እንዳትናገሪ!»

«እናቴንማ አትጥሪያት! ስትሰደብ አጠገቤ ተጎልተሽ ነበር። ጋሼ አስላክስ?»

አውቶቡሱ ሲመጣ ሱኒቫ ፊቷን ጠርጋ ተሳፈረች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መስመሩ ተመለሰ። የቱሩን ስልክ ደጋግሞ ነዘረ። ለክፍሉ ልጆች ሁሉንም ጻፈች፤ የሱኒቫን አባት የአርቪድን ስም፣ የሱኒቫን ዝምታ፣ ሁሉንም። ለመላክ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነበር የቀራት። ከዚያ መልእክቱን አጠፋችውና ወደ ሱኒቫ ቤት አመራች።

አርቪድ ግቢው ውስጥ የኤክስካቫተሩን ጥርሶች በውሃ ጎማ እያጠበ ነበር።

«ጋሼ አርቪድ፣ ውሃውን ይዝጉት» አለች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «እናቴ ገና ቦዩ ጋ ናት። መጥተው ራስዎ ይንገሯት።»

አርቪድ ዞሮ አያት። እሷም ከበሩ ፈቀቅ አላለችም።