እናንተ ሂዱ

«አይ፣ በልቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ምናሉ።

ሊዲያ የዘረጋችውን የጥብስ ሰሃን ወዲያው መልሳ ወደ ኩሽና ይዛው ሄደች። ምናሉ ከሶፋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ጥብሱን እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኘውና ቶሎ ብሎ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ኩሽና ውስጥ ወንድሟ ኤርሚያስ አፉን በክንዱ አፍኖ በሳቅ ሊፈነዳ ደርሷል።

«አሁንም አልገባውም እኮ! በናትሽ፣ የዛሬውን ፊቱን አየሽው?»

«አየሁት» አለች ሊዲያ፤ እሷም ሳቀች። ጥብሱን ተካፍለው እዚያው ቆመው በሉት።

ምናሉ የመጣው ከሜልቦርን ነው፤ ከአውስትራሊያ። ዕድሜው ሃያ ነው። ከቁመቱ የማይተናነስ ሻንጣ ጀርባው ላይ አዝሎ አሜሪካን ሊዞር ተነሳ፤ የሚያድረው በእናቱ ጓደኞች ቤት ነው። መጀመሪያ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ፤ ከዚያ ሲያትል፣ ከዚያ ዋሽንግተን። እናቱ ጌጥነሽና የሊዲያ እናት ወይንሸት ሱዳን፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ በአንድ ብርድ ልብስ ያደሩ ሴቶች ናቸው። አንዷን ዕጣዋ አውስትራሊያ ጣላት፣ ሌላዋን ኮሎራዶ። ይኸው እስከ ዛሬ በየሳምንቱ በስልክ ይሳሳቃሉ፣ ይላቀሳሉ።

ጌጥነሽ ልጇን ያሳደገችው አጥብቃ ነው። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልህ እምቢ በል። ሲለምኑህ አሁንም እምቢ በል። «በሞቴ!» ሲሉህ ያኔ ተቀበል። ምናሉ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። የሰው ፍሪጅ ከፍቶ ከሚበላ ደግሞ ሞቱን ይመርጣል። ሊዲያና ኤርሚያስ ግን ኦሮራ ያደጉ ናቸው፤ እዚህ «ኖ» ያለ ሰው ኖ ነው ያለው።

እና የመጣ ዕለት፣ ሰኞ ማታ፣ ሊዲያ ሰሃኑን የመለሰችው ከልቧ ጠግቧል ብላ ነበር። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ነው ነገሩ የገባት። ልጁ ርቦታል፤ እንድትለምነው እየጠበቀ ነው! መልሳ ብታቀርብለት እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ሮጣ ለኤርሚያስ ነገረችው። ኤርሚያስ ክፍሉን ለእንግዳው ለቅቆ መሬት ላይ የተኛ፣ ያኮረፈ ልጅ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጨዋታ ሆነ። አንዴ ይጠይቁታል፣ አይ ይላል፣ ያነሱታል።

እናታቸው ኤርፖርት መንገደኞችን በዊልቸር ትገፋለች፤ በዚያ ሳምንት ደብል ሺፍት ይዛ ነበር። እንጀራውን፣ ወጡን፣ ጥብሱን በየዕቃው ሞልታ ትሄዳለች። «እንግዳዬን እንዳታስርቡብኝ!» ትላለች ጫማዋን እያሰረች። አልፎ አልፎ ቤት ስትውል እሷ ራሷ እያጎረሰች ስታበላው ምናሉ አይጠግብም። እሷ ደግሞ በእጇ ሙያ ተደሰተች።

«እይ ልጅ!» ትለዋለች ኤርሚያስን። «ሲያጎርሱት ይበላል፣ ሰሃኑን ያጥባል፣ አመስግኖ ይነሳል። አንተ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?»

ይቺ ንግግር ለኤርሚያስ እሳት ላይ ቤንዚን ናት። በማግስቱ ምናሉ ሙዚየም ማየት ፈልጎ የትኛውን አውቶቡስ እንደሚይዝ ሲጠይቀው ሆን ብሎ የተሳሳተውን ነገረው። ልጁ ዴንቨርን ሰንጥቆ ሌላኛው ጫፍ፣ ሌክውድ ደረሰ። ስልኩ ደግሞ የሚሠራው በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው። ፀሐይ አፍንጫውን ልጣ፣ ነስሮት ሸሚዙ በደም ተበላሽቶ አመሻሹ ላይ ተመለሰ። «ቆንጆ ከተማ ነው» አለ ሲገባ። ኤርሚያስ «ፋራ!» ብሎ ሳቀ። ሊዲያም ሳቀች። እሷ የምትስቀው መሳቅ ስለሚቀላት ነበር፤ ካልሳቀች ኤርሚያስ ሙድ የሚይዘው በእሷ ላይ ነው።

ቅዳሜ እናታቸው የመኪናዋን ቁልፍ ለኤርሚያስ ሰጠችው። «ልጁ እስካሁን ምንም አላየም፤ ተራራ አሳዩት። ውሃ ያዙ፣ ጃኬት ያዙ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሦስቱ ከዴንቨር በስተምዕራብ ነድተው መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ፓርክ አደረጉ። ኤርሚያስ ሁለተኛውን ጃኬት አንስቶ «ትፈልጋለህ?» አለው።

«አይ፣ ይበቃኛል» አለ ምናሉ በስስ ቲሸርት።

ኤርሚያስ ጃኬቱን መልሶ መኪናው ውስጥ ወረወረው። ውሃውንም እንዲሁ። ሊዲያ የራሷን ጠርሙስ ጨበጥ አድርጋ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች።

ምናሉ የባሕር ዳርቻ ከተማ ልጅ ነው፤ ሳንባው እንዲህ ያለ ከፍታ አያውቅም። ቁርስም አልበላም፤ ጠዋት አንዴ ተጠይቆ አንዴ አይ ብሏል። ዛፎቹ አልቀው ድንጋይ ብቻ ሲቀር እግሩ ይተሳሰር ጀመር። ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ከበስተኋላቸው ሰማዩ ጠቁሯል።

«እናንተ ሂዱ» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ አርፌ እደርሳችኋለሁ።»

«ሰማሽ አይደል? ሂዱ አለ» አለ ኤርሚያስ።

ሊዲያ ሰምታለች። ከሌላው ሰው ሁሉ ይልቅ እሷ ነች የሰማችው። «ሂዱ» ማለቱ ትታችሁኝ እንዳትሄዱ ማለት እንደሆነ ከሰኞ ጀምሮ ታውቃለች። አንዴ ብቻ «አንሄድም» ብትለው ይበቃ ነበር። ምናሉ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ሲለምናት ታያት። ነጎድጓዱ አጉረመረመ፤ ኤርሚያስ ክንዷን ጎተታት፤ እሷም ዞራ ቁልቁል ሮጠች።

መኪናው ጋ ሲደርሱ በረዶው ይወርድ ጀመር፤ ጠጠር የሚያክል። ሂተሩን ከፍተው ቺፕስ እየበሉ ጠበቁ። ኤርሚያስ «አሁን ይመጣል፣ ቺል አድርጊ» አላት። አልመጣም። በረዶው አባራ፤ አሁንም አልመጣም። ሊዲያ የቺፕሱን ከረጢት ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌና ሚስቱ ከነውሻቸው ምናሉን በሁለት በኩል ደግፈው ከዛፎቹ መሃል ወጡ። አገጩ ተሰንጥቆ ደም አንገቱ ላይ ደርቋል። የሰውየውን ጃኬት ለብሷል። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«የእናንተ ጓደኛ ነው?» አለች ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ። «እያስታወከ ብቻውን አገኘነው። ወድቋል።» የቺፕሱን ከረጢት አየች፣ ከዚያ ሊዲያን አየች። ሊዲያ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

አመሻሹ ላይ እናታቸው ከሥራ ገብታ እንግዳዋን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ስታየው ቦርሳዋን ጣለች። «ምን ሆኖ ነው?»

«አብረን እንውረድ ብንለው እምቢ አለ» አለ ኤርሚያስ፤ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ።

እናታቸው ወደ ምናሉ ዞረች። እሱ ኤርሚያስን አየ፣ ሊዲያን አየ። «አዎ፣ እትዬ ወይንሸት። ሂዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለ።

ሜልቦርን እሑድ ረፋድ ነው፤ ጌጥነሽ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነበር። ወይንሸት ደውላ የሆነውን ነገረቻትና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የእናትየው ጩኸት ቤቱን ሞላው።

«ለዚህ ነው የላክሁህ? ሰው ቤት ሄደህ ሰው ልታስጨንቅ? አለቀ! ሲያትልም የለ፣ ዋሽንግተንም የለ! ነገውኑ ትኬትህን አስቀይረህ ትመጣለህ!»

«እሺ እማ» አለ ምናሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለመው ጉዞ በአንድ «እሺ» አለቀ። አገጩ ላይ ያለው ፋሻ ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ ጌጤ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች ወይንሸት ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ።

«አንቺ? ምን ስትሆኚ! ያኔ ካምፕ እያለን የራስሽን እራት ለእኔ ትተሽ ጦምሽን ያደርሽ አንቺ አይደለሽም? ልጄ አንቺ ቤት ጠግቦ እንደሚያድር አውቃለሁ። ጥጋቡ ነው እንዲህ ያደረገው!»

ከጠረጴዛው ሥር ኤርሚያስ የሊዲያን እግር ረገጠ። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አለ በእንግሊዝኛ፣ በሹክሹክታ።

ሊዲያ ዝም ካለች ልጁ ነገ ሻንጣውን አዝሎ፣ ጥፋተኛ ተብሎ ይመለሳል። ከተናገረች ደግሞ እነዚህ ሁለት ሴቶች ዳግመኛ እንደዚህ መነጋገራቸውን እንጃ። እንግዳን ማስራብ በእናቷ ቤት ከስርቆት ይብሳል።

«እትዬ ጌጥነሽ» አለች። «ሊዲያ ነኝ። እሱ አላጠፋም። ሂዱ ሲለን ትተነው እንድንሄድ ፈልጎ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። ምግቡም…»

ምናሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ተይ» አላት። «ሊዲያ፣ በእናትሽ ተይው።»

«ምግቡም ምን?» አለች እናቷ።

ኤርሚያስ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ቆለፈ። ጌጥነሽ ስልኩን አልዘጋችም። ወይንሸት ወንበር ስባ ልጇ ፊት ተቀመጠች። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ጠየቀቻት።

«እኔ ሥራ ስሄድ፣ ይሄ ልጅ ምን ሲበላ ነበር?»

ስልኩ ሊዲያ አጠገብ ነው። ጣቷን ብትዘረጋ መስመሩን ልትዘጋው፣ ቢያንስ ሜልቦርን እንዳይሰማ ልታደርግ ትችላለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ያዘቻቸው።

«ሰኞ ማታ» ብላ ጀመረች።