ሁለቱ እንግዳው

«ካርድህ መርፌህን ጨርሰሃል ይላል» አለው የክሊኒኩ ድሬሰር ማሩ።

«ካርዱ ጨርሶ ይሆናል፤ ሆዴ ግን አልጨረሰም።»

ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የወረደው እንግዳው ደምለው በካላዛር በሽታ ያበጠ ሆዱን በመዳፉ ደግፎ ቆሟል።

ታንጉት ከጠረጴዛው ቀና አለች። የካርዱ ጽሑፍ የእሷ ነው። የወጣቶች ማኅበር ኮኪት ከተማ አጠገብ ወዳለችው ክሊኒክ መድቧት፣ ክረምቱን በጠዋትና በከሰዓት ደብተር የተበታተነውን የመርፌ መዝገብ ወደ ካርድ ስትገለብጥ ከርማለች። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፤ አንድ ስም፣ አንድ ካርድ። በሁለቱም ደብተር ያገኘችውን ስም እየደመረች፣ ካርዶቹን በፊደል ተራ ደርድራ በሲባጎ አስራለች። ሥራውን ለአብዮት በዓሉ ሪፖርት በማድረሷ የማኅበሩ ሊቀመንበር በስብሰባ ሊያመሰግኗት ነው። የምትለብሰውን እንኳ መርጣ ጨርሳለች።

የካላዛር መርፌ ወር ሙሉ በየቀኑ አንድ ነው። ይህ ሰው ግን ወር የሞላው አይመስላትም። ስሙን በሁለቱም ደብተር አግኝታ መደመሯ ትዝ አላት። ብድግ ብላ ከበሩ ላይ «እንግዳው ደምለው!» ስትል ተጣራች።

«አቤት» አለ እሱ ከኋላዋ።

«አቤት» አለ ከውጭ ወረፋ የሚጠብቅ፣ ከወሎ የመጣ ሌላ ቀጭን ሰው።

ያኔ ነገሩ ለታንጉት ገባት። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት ሲወጉ የከረሙትን መርፌ ለአንድ ሰው ደምራዋለች። ሰውዬው በግማሽ መድኃኒት ወደ እርሻው ቢመለስ መኸሩን አያይም ነበር።

ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ለማሩ ነገረችው። እሱም ደብተሮቹን አስተያይቶ ፊቱ ጠቆረ። ከሁለቱ ስም አጠገብ አገራቸውን ጻፊና ሌላውን ካርድ እንዳለ ተይው አላት።

«ነገ ሌላ እንግዳው ከጎጃም ቢመጣስ፣ ጋሽ ማሩ?»

«ሪፖርቱ ሰኞ ይፈለጋል።»

«የሰውዬው መርፌ ደግሞ ዛሬ ይፈለጋል።»

ማሩ መርፌውን ሊያዘጋጅ ገባ።

ታንጉት ሲባጎውን በጠሰችው። ባዶ ካርድ አወጣችና ስም ይጻፍበት በነበረው አናት ላይ «1» ብላ ጻፈች። ያንኑ ቁጥር በቁራጭ ካርቶን ላይ ደግማ ለጎጃሙ እንግዳው ሰጠችው።

«ስሜስ?» አላት።

«ስምዎ ከሥሩ አለ። ቁጥሩ ግን የእርስዎ ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው አልሰጠውም።»

የወሎው እንግዳውም ከበሩ ላይ እጁን ዘረጋ።

«እኔስ ስንተኛ ነኝ?»

የእሱንም ሰጠችው። ከዚያ የሁሉንም ካርድ በቁጥር እንደገና ልትጽፍ የጠዋቱን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠች።